አርባ ከአርባ ለማን?

ተማሪም ቢሆኑ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የፕሌይስቴሽን ጨዋታ ለመግዛት ገንዘብ የሚያጠራቅሙ ከሆነ ሐያስያን የሚሰጡትን ነጥብ ሳይመለከቱ አይቀሩም። መመልከቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ነጥቡ ለምን ዓይነት ተጫዋች እንደ ተሰጠ መጠየቅ ይገባል።

ፋሚትሱ የተባለው የጃፓን መጽሔት አንዱን ጨዋታ ለአራት ሐያስያን ይሰጣል፤ እያንዳንዳቸውም ከ10 ያርማሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 «ዘልዳ፦ ኦካሪና ኦፍ ታይም» የመጀመሪያውን 40 ከ40 አገኘ። ይሁን እንጂ ይህ አንድ ሰው ብቻውን ብዙ ቀን የሚደክምበት የጀብዱ ጨዋታ ነው። በአዳማ ወይም በሻሸመኔ ጌም ቤት፣ በየግጥሚያው እየተከፈለና ባለ ተራው ከኋላ ቆሞ ሳለ፣ ምን ይፈይዳል?

ብዙዎቻችን ዛሬም «ፊፋ» የምንለውን፣ ከ2023 ወዲህ ግን ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የተባለውን የእግር ኳስ ጨዋታ፣ ሐያስያን ከዓመት ዓመት ለውጡ ጥቂት ነው እያሉ ይነቅፉታል። በየዓመቱ አዲሱን ለሚገዛ ሰው ነቀፋው ተገቢ ነው። ለጌም ቤት ግን ያው ጉድለት በጎነት ይሆናል፤ አምና የለመደ ጣት ዘንድሮ አይደናገርምና።

በሌላ በኩል «ኢፉትቦል 2022» በ2021 በወጣ ጊዜ የኳስ ተጫዋቾቹ ፊት ተጣሞ በመታየቱ ሐያሲውም ሕዝቡም ነቀፈው። እንዲህ ያለው ጉድለት በቤትም በጌም ቤትም አንድ ነው፤ እዚህ ላይ ሐያሲውን ይመኑት።

እንግዲህ ከቁጥሩ ይልቅ ምክንያቱን ያንብቡ። ከመግዛትዎም በፊት በሰፈርዎ ጌም ቤት አንድ ግጥሚያ ይሞክሩ፤ የጥቂት ብር ሙከራ የብዙ ወር ቁጠባን ከጸጸት ያድናል።