ሲሮጡ የታጠቁት

አስኮ የማዘር ትሬዛ መነኮሳት ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸውን ወላጅ አልባ ልጆች ያሳደጉበት የአዲስ አበባ ሰፈር ነው። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነብን ተዘጋጅቶ የሚመጣው ነው።

ስሙን በማልጠራው አንድ ማሳደጊያ ያየሁት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለሁለት ሳምንት የመጣ ወጣት “እንደምን አደርክ” ማለት እንኳ ሳይማር ሕፃን አቅፎ ፎቶ ይነሳል። ልጁ ይለምደዋል፤ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ወጣቱ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ በቦታው ሌላ ይተካል። ወላጁን በሞት ያጣን ልጅ ደጋግሞ ከሚወደው ሰው መለየት ደግነት ነው? አይደለም! በደል ነው።

“ዋናው ፍቅር ነው” የሚሉኝ አሉ። ፍቅር ብቻውን መድኃኒት በሰዓቱ አይሰጥም፤ የልጁን ለቅሶ ምክንያት ጠይቆ አይረዳም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ዝግጅት ምን እንደሚመስል ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባላት ሲመጡ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሠልጥነው፣ አማርኛ ተምረው፣ ሁለት ዓመት ሊያስተምሩ ተስማምተው ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ አንድ ዓመት አገልግለዋል። ያኔ የተቻለው ዛሬ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ከዝግጅት ሌላ ቦታን ማወቅም ያስፈልጋል፤ ልጅን የሚያሳድገው የራሱ ወገን መሆኑን ስደተኞች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 የቲቤት መንፈሳዊ መሪ ዳላይ ላማ ከአገራቸው ወደ ሕንድ ሲሰደዱ ብዙ ሺህ ሰው ተከተላቸው። በቀጣዩ ዓመት በሕንድ ዳራምሳላ ለስደተኞቹ ልጆች መጠለያ ሲከፈት የመራችው የእሳቸው ታላቅ እህት ናት። ልጆቹን ያሳደጉት የራሳቸው ሰዎች ናቸው። እዚያ የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ ሊያግዝ እንጂ ሊመራ አይሄድም። ይህን ሳይቀበል ሻንጣ የሚያዘጋጅ ሰው፣ መድረሻው ዳራምሳላም ይሁን አስኮ፣ ባይሄድ ይሻላል። ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ የስደተኞች መጠለያ የሚሄደው የእኛ ወጣትም ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳለፈው የሕፃናት መብት ውሳኔ፣ በማሳደጊያዎች የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉብኝት የሚያስከትለውን ጉዳት መንግሥታት እንዲከላከሉ ጠይቋል። ዓለም ነቅቷል፤ እኛ ግን በራችንን ለመጣው ሁሉ ወለል አድርገን እንከፍታለን። የውጭ ዜጋ ሲያዩ ጥያቄ የሚጠፋባቸው ኃላፊዎች ከእንግዳው ይልቅ ተጠያቂ ናቸው።

ስለዚህ የማሳደጊያ ኃላፊዎች ሆይ፣ የመጣውን ሁሉ ጠይቁ። ሙያህ ምንድን ነው? ስንት ወር ትቆያለህ? ቋንቋውን ጀምረሃል? ከወንጀል ነጻ የሚል ማስረጃህ የት አለ? ስልክህን በር ላይ ትተዋለህ? መልስ ከሌለው አመስግናችሁ መልሱት። መርዳት ለሚፈልግም መንገድ አለ፤ የአገሩን ሞግዚት ደመወዝ ይክፈል፣ ወላጅ የሞተበትን ልጅ አያት ወይም አክስት ዘንድ እንዲያድግ ይደግፍ። ልጆቻችን የማንም መለማመጃ አይደሉም። በሩን የምንጠብቀው እኛው ነን፤ እንጠብቀው!