ዋሻ ሚካኤል ከጣሪያ በፊት ቦይ ይሠራለት

ከአራት ኪሎ በቀበና በኩል ወደ መገናኛ የሚሄድ ሰው እንግሊዝ ኤምባሲን እንዳለፈ ወደ ግራ ቀና ቢል የካ ተራራ ፊቱ ነው። የባሕር ዛፉን ዳገት ከወጣ ደግሞ ከአንድ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራውን ዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። አራት ኪሎ ግቢ ሥነ ምድር ባስተማርኩባቸው ዓመታት አዲስ ተማሪዎቼን ስለ ዋሻ ሚካኤል ስጠይቅ እጅ የሚያወጡት ጥቂቶች ነበሩ። ላሊበላን ሁሉም ያውቃል። ሾላ አድገው፣ በየወሩ በ12 የካ ሚካኤልን የሚሳለሙ ልጆች ግን ከራሳቸው በላይ ያለውን ዐለት ሳያዩት ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የውኃው ነገር ነው።

ካህናቱ የአብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ሥራ ነው ይላሉ፣ አጥኚዎች ወደ 12ኛው ክፍለ ዘመን ያቀርቡታል። ክርክሩን ለእነሱ ልተወው። ዙሪያው ተቆርጦ ከተራራው ተለይቷል፣ የጣሪያው ብዙው ክፍል ግን የለም። ወለሉ ከአካባቢው መሬት ዝቅ ስለሚል በሐምሌና በነሐሴ ከላይ የወረደው ዝናብ እዚያው ይተኛል። ጥቅምት ላይ ውኃው ሲሸሽ ዐለቱ ይደርቃል፣ በዓመቱ እንደገና ይርሳል። የካ ተራራ እሳተ ገሞራ የወለደው ነው። በእንዲህ ያለ ዐለት ውስጥ ያለው ፌልድስፓር የተባለ ማዕድን ውኃ ሲያገኘው ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ አፈር ይለወጣል። አፈሩ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የጠራቢው የመሮ ምልክት ያለበት ቆዳም አብሮት ይረግፋል።

ዐለትን ከውኃ የማዳን ጥበብ ያየሁት በሌላ አገር ነው። ለአጭር ሥልጠና ቻይና፣ ቼንግዱ ሄጄ ሳለ አስተናጋጆቻችን ሌሻን ወሰዱን። እዚያ ከቀይ የአሸዋ ድንጋይ ገደል የተፈለፈለ፣ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ያሳረፈ፣ ቁመቱ 71 ሜትር የሆነ ቡድሃ ተቀምጧል። ሦስት ወንዞች የሚገናኙት ከእግሩ ሥር ነው። ሃይቶንግ የተባለ መነኩሴ ጀልባ የሚሰብረው ማዕበል እንዲበርድ ብሎ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ713 አስጀመረው፤ እሱ ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ803 ተፈጸመ። ጎብኚ ከቡድሃው ራስ ጎን ይነሣና ገደሉን ታክኮ በተጠረበው ጠባብ ደረጃ እስከ እግሩ ይወርዳል። ጓደኞቼ ከእግሩ ጥፍር አጠገብ ፎቶ ሲነሡ እኔ ሌላ ነገር ስፈልግ ዋልኩ። በፀጉሩ ጥቅሎች መካከል፣ ከጆሮዎቹ ኋላ፣ በደረቱና በልብሱ እጥፋት ውስጥ የተሰወሩ የውኃ ቦዮች አሉ። ዝናቡ ፊቱን ሳያጥበው ተከፋፍሎ ወደ ጎን ይወጣል። ከላዩ የነበረው ባለ ብዙ ፎቅ የእንጨት መጠለያ በጦርነት ከወደመ ዘመናት አልፈዋል። ቡድሃው ሽበት አለው፣ ተደጋግሞም ተጠግኗል። እስከ ዛሬ ፊቱ የሚለየው ግን በቦዮቹ ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። ጠራቢዎቹ የራሳቸው ዘመን ሲያልፍ ዝናቡ እንደማያቆም ያውቁ ነበር።

በአፍጋኒስታን የባሚያን ሁለት ቡድሃዎች፣ ባለ 55 ሜትሩና ባለ 38 ሜትሩ፣ በ1993 ዓ.ም. በፈንጂ ሲፈርሱ ዓለም በአንድ ድምፅ ጮኸ። በውኃ ለሚፈርስ ድንጋይ የሚጮህ ግን አይገኝም፣ ጥፋቱ ከዓመት ዓመት ለዓይን አይታይምና።

የላሊበላ ጠራቢዎችም ስለ ቦይ የሚማሩት አልነበራቸውም። ግቢዎቹ ውኃውን በተቆረጡ ቦዮች እዚያው ላሊበላ ዮርዳኖስ ወደሚባለው ወንዝ ይሸኛሉ። በኛ ዘመን የመጣው መፍትሔ ግን ከላይ የሚጀምር ሆነ። በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፣ ለጊዜው ተብለው፣ አራት ግዙፍ መጠለያዎች በአምስት አብያተ ክርስቲያናት ላይ ተተከሉ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የላሊበላ ሰው ክብደታቸው አስጊ ነው፣ ይነሡልን ብሎ አደባባይ ወጣ። መጠለያው ዝናብን አልከለከለም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ትልቅ ብረት ከተተከለ በኋላ ማንሣቱ ራሱ ሌላ አደጋ ይሆናል። ቦይ ቢሳሳት ይደፈናል፣ እንደገና ይቆፈራል።

ስለ ዋሻ ሚካኤል ሲወራ ከሁሉ በፊት የመኪና መንገድ፣ ካፌና ትኬት መቁረጫ ይሠራ የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ጎብኚ መምጣቱን እኔም እፈልጋለሁ። ይሁንና ከላይ ደን ሲመነጠርና መንገድ ሲነጠፍ ውኃው ወደ መሬት መስረጉ ይቀንስና ጎርፉ ይበረታል፤ ጎርፉ የሚያርፈው ደግሞ ከታች ያለው ዐለት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቦዩ መቅደም አለበት። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ተዳፋቱን አቋርጦ ጎርፉን ወደ ሁለት ጎን የሚመልስ ቦይ፣ ከወለሉም ወደ ተዳፋቱ የሚያፈስ መውጫ ያስፈልጋል። ይህ የቢሊዮን ብር ሥራ አይደለም።

ቅዱስ ቦታ ስለሆነ አይነካ ለሚሉ አባቶች አክብሮቴ ሙሉ ነው። ዳሩ ግን ውኃው በየክረምቱ እየነካው ነው። የሰፈሩ ወጣቶች በበጎ ፈቃድ ዶማ ይዘው እንዲወጡም አልመክርም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይሠራም፣ ይህም ትክክል ነው። ስንጥቁን በሲሚንቶ መምረግ ደግሞ እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ዐለቱን ይበልጥ ያረግፈዋል።

የጎርፉን መንገድ በበጋ ካርታ ላይ ብቻ መገመት ያሳስታል፤ ዝናቡ ሲወርድ ቦታው ላይ ቆሞ መከተል ያስፈልጋል። የቅርስ ባለሥልጣኑ፣ ደብሩና አራት ኪሎ ግቢ ያለው የሥነ ምድር ትምህርት ክፍል ተስማምተው በመጪው ሰኔ ተማሪዎችን ከመምህራን ጋር ቢያሰማሩ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ልኬቱ ይሰበሰባል። ቁፋሮው ከመስቀል በኋላ ተጀምሮ ከግንቦት በፊት ማለቅ ይችላል።