ማቀዝቀዣው ደረሰ፤ ባለሙያውስ?

በሰሜን ጎንደር ስለ ክትባት ሲነሳ የሚቀድመው ጥያቄ ማቀዝቀዣ ደረሰ ወይ የሚል ነው። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል የሚለው ይዘነጋል።

አብዛኞቹ የሕፃናት ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። በደባርቅና በጃናሞራ ደጋ ብርዱ ራሱ ይጠብቃቸዋል ማለት ግን ስህተት ነው። ፔንታቫለንትን የመሳሰሉት ሙቀት ብቻ ሳይሆን በረዶም ያበላሻቸዋል፤ አንዴ ከረጉ ቢቀልጡም ኃይላቸው አይመለስም። ቴርሞስታቱ የተዛባ ማቀዝቀዣ ራሱ ሊያረጋቸው ይችላል። ስለዚህ ቴርሞስታት የሚያስተካክል፣ የሚያፈስ ጋዝ ፈልጎ የሚደፍን፣ ኮምፕረሰር የሚፈትሽ ሰው የክትባት ሥራው አካል ነው።

ጎንደር ለዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለችም። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በቡድን ያሠለጥን ነበር። ሐኪም ብቻውን እንደማይበቃ ያኔ ታውቋል። ዛሬ ለማቀዝቀዣ ግዥ በጀት ሲያዝ የጠጋኙ ሥልጠናና የመለዋወጫው ወጪ አብሮ መያዝ ይኖርበታል። አለበለዚያ ልጇን አዝላ ተራራ ወርዳ የመጣች እናት ይዛ የምትመለሰው ባዶ ተስፋ ይሆናል።