ብረት አይደማም

«ንፋሱን አትፍራው፣ አፑ ይነግርሃል።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ከስንት ሰው አፍ እንደሰማኋት መቁጠር ትቻለሁ። ጠመንጃ ሻጭ ብሎኛል፣ የሥራ ባልደረባዬ ብሎኛል፣ የአገሬ ልጅም ብሎኛል፤ እሱማ ቡና እየጠጣን ነው የነገረኝ፣ በሕይወቱ አንድ ጥይት እንኳ ሳይተኩስ። ውሸት ናት። ለብረት ሰሌዳ ብትሆን ብዙም ጉዳት የላትም፤ ሰውየው ይስታል፣ ይስቃል፣ እንደገና ይተኩሳል። ጉዱ የሚመጣው መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ይህችው ዓረፍተ ነገር ከተኩስ ሜዳው ወጥታ ተራራ ስትወጣ ነው።

የምኖረው ኮሎራዶ ነው። ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ ኤልክ የሚባለው ትልቁ የአጋዘን ዘር በብዛት ያለው እዚህ ነው። ቅዳሜ ሲመቸኝ ከከተማው በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ ላይ በአደን ጠመንጃ የብረት ሰሌዳ እተኩሳለሁ። ርቀት እወዳለሁ። ስለዚህ «ይሄ ደግሞ ጠመንጃ የሚጠላ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉኝ። ለብዙዎቻችን ጠመንጃ የሚለው ቃል ሌላ ቁስል እንደሚነካ አውቃለሁ፣ እሱን ዛሬ አላነሳም። የማነሳው አንድ ነገር ነው፦ በ800 እና በ900 ሜትር ርቀት፣ ንፋስ እየነፈሰ፣ እንስሳ ላይ መተኮስ ቁማር ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ያልተጫወተው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው፤ ከባድ አይደለም።

ብዙ ሰው ንፋስ ጥይትን እንደ ወረቀት የሚገፋው ይመስለዋል። ጥይት ከአፈሙዝ እንደወጣ አፍንጫውን በጥቂቱ ወደ ንፋሱ ያዞራል። ከዚያ አየሩ ወደኋላ ሲጎትተው ጉተታው ዘመም ያለ ስለሚሆን ወደ ጎን ይወስደዋል። ስለዚህ ንፋስ የሚያስትህ ጥይቱ አየር ላይ በቆየበት ጊዜ ልክ ሳይሆን፣ ከፍጥነቱ በዘገየበት ጊዜ ልክ ነው። 6.5 ክሪድሞርን እንውሰድ፤ ሆርናዲ በ2007 ያወጣው፣ ዛሬ ወጣት አዳኝ እጅ ላይ የማይጠፋ ጥይት ነው። ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 820 ሜትር ያህል ይሮጣል። ፍጥነቱ ባይቀንስ 1,000 ያርድን፣ ማለትም 914 ሜትርን፣ በ1.1 ሰከንድ ገደማ ይጨርስ ነበር። አየሩ ስለሚያዘገየው 1.5 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ልዩነቱ 0.4 ሰከንድ ነው። ከጎን የሚመጣው ንፋስ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 4.5 ሜትር ከሆነ፣ ሁለቱን አባዛቸው። 1.8 ሜትር! የአንድ ረዘም ያለ ሰው ቁመት ማለት ነው። ይሄ ደግሞ ዐውሎ ነፋስ እንዳይመስላችሁ። ቅጠልና ቀጫጭን ቅርንጫፍ የሚያወዛውዝ፣ ልብስ ለማስጣት ደስ የሚል ንፋስ ነው።

1.8 ሜትሩ በራሱ አያስጨንቅም። በትክክል ካወቅኸው መነጽሩን በዚያ ልክ ታስተካክላለህ፣ አለቀ። ጭንቁ ማወቁ ላይ ነው። 16 ያልከው ንፋስ 13 ቢሆንስ? ፊትህ ላይ ልዩነቱ አይታወቅህም። ጥይቱ ግን 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስታል። የኤልክ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ መሀሉን ላነጣጠረ ሰው በየጎኑ የሚተርፈው 20 ብቻ ነው። በሦስት ኪሎ ሜትር የግምት ስህተት ብቻ ጥይትህ ከሳንባው ወጥቶ ሆዱ ውስጥ ይገባል። ያው ጠመንጃ፣ ያው ጥይት፣ ያው የግምት ስህተት በ300 ያርድ ላይ የሚያስተው ግን 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ስህተቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ያድጋል። ይህችን ቁጥር የመነጽር ማስታወቂያ ላይ አታገኟትም።

አፑስ? አፑ ጎበዝ ነው፣ እኔም ስልኬ ላይ አለኝ። የአየሩን ግፊት፣ ሙቀቱን፣ የጥይቱን ዓይነትና ፍጥነት ስጠው፣ ጥይቱ ምን ያህል እንደሚወርድ በሚያስገርም ትክክለኛነት ይነግርሃል። የመሬት ስበት እንደ ሰው ጠባዩ አይለዋወጥማ። ንፋሱን ግን አፑ አያውቀውም፤ አንተ የነገርከውን ነው መልሶ የሚነግርህ። በእጅ የሚያዘው የንፋስ መለኪያም የሚለካው አንተ የተኛህበትን ቦታ ነው። ጥይቱ በጉዞው መሀል ከዓይንህ መስመር 3 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ እዚያ ሣርና ቁጥቋጦ የማያግደው ፈጠን ያለ ንፋስ አለ። መሀል ላይ ሸለቆ ካለ ደግሞ ንፋሱ ገደሉን ተከትሎ ይሄዳል፤ አንተ ጋ ከግራ እየነፈሰ እንስሳው ጋ ከቀኝ ሊነፍስ ይችላል። ለዚህ የትኛው አፕ ነው መልስ ያለው?

ንፋስ ማንበብ የሚባል ሙያ አለ። እኔን በዚህ ስፖርት ያሰረኝ እሱ ነው፤ ተኩሱማ አንድ ቃታ መሳብ ነው። ፀሐይ ያሞቀችው መሬት አየሩን ሲያርገበግበው በትልቁ መነጽር ታየዋለህ። መነጽሩን ከሰሌዳው ትንሽ ወዲህ ባለው አየር ላይ ስታስተካክለው አየሩ እንደ ወንዝ ሲፈስ ይታያል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከፈላ ወይ ንፋስ የለም፣ ወይ ከፊት ወይ ከኋላ እየመጣ ነው፣ ወይ አቅጣጫ ሊቀይር ነው፤ የመጨረሻው ስንቱን አዋርዷል! ወደ ጎን እየተጋደመ ሲሄድ ንፋሱ በርትቷል። አሜሪካኖቹ አቅጣጫውን በሰዓት ይጠሩታል፤ «ከ3 ሰዓት» ሲሉኝ እስካሁን ጭንቅላቴ መጀመሪያ «ዘጠኝ ሰዓት» ይላል፣ ምን ላድርግ። ከፊት ለፊት 30 ዲግሪ ብቻ ዘወር ብሎ የሚመጣ ንፋስ የሙሉ የጎን ንፋስን ግማሽ ያህል እንደሚያስት ያመንኩት ደግሞ ብዙ ጥይት ካባከንኩ በኋላ ነው።

ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ ትምህርት የሚገኘው በመሳት ነው። የመጀመሪያዋ ጥይት ከሰሌዳው በስተግራ አቧራ ታስነሳለች፤ አቧራዋን አይተህ ታርማለህ፤ ሁለተኛዋ ብረቱን ስትመታ ከሁለት ሰከንድ ተኩል በላይ ቆይቶ ድምፁ ይመጣልሃል። ደስ ሲል! ሜዳው ለዚህ የተሠራ ነው። ብዙ የርቀት ውድድሮች ላይ ከሚቆጠሩት ጥይቶች በፊት የሙከራ ጥይት ይፈቀዳል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተኮሱ ሰዎች ንፋሱን በመጀመሪያዋ ጥይት አያምኑትምና። አጋዘን ግን የሙከራ ጥይት አይሰጥህም። «በ1,000 ያርድ ብረት እመታለሁ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ በስንተኛዋ?

ታሪኩም ከሰሌዳው ጋር ነው። በ1874 ኒው ዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ፣ ክሪድሞር በሚባል የተኩስ ሜዳ አየርላንዶችና አሜሪካኖች በ800፣ በ900 እና በ1,000 ያርድ ተጋጠሙ። አሜሪካኖቹ 934፣ አየርላንዶቹ 931 ነጥብ አገኙ። በሦስት ነጥብ! ከአየርላንዶቹ አንዱ መሀል የገባች ጥይት ተኩሶ ነበር፤ የመታው ግን የጎረቤቱን ሰሌዳ ስለሆነ ዜሮ ተያዘበት። ሽንፈቱ ያንገበግባል፣ ግን ያቺ ጥይት የማንንም ሆድ አልቀደደችም። ዛሬ ተራራ ላይ የሚሸከሙት ጥይት ስሙን ያገኘው ከዚያ ሜዳ ነው፤ ሲሠራም መጀመሪያ የታሰበው ለሰሌዳ ውድድር ነበር።

አሁን ወደ ተራራው እንሂድ። ባለፈው ዓመት አብረን ከወጣነው መካከል አንዱ፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ በሌዘሩ 740 ሜትር ያነበበበት ኤልክ ላይ ሊተኩስ ተኛ። ከኋላው ሆኜ በትልቁ መነጽር እያየሁ ነበር። እኛ ጋ ሣሩ ፀጥ ብሏል፤ ሸለቆው መሀል ያሉት ዛፎች ግን ይወዛወዛሉ። «ተው፣ አትተኩስ፤ መሀል ላይ ንፋስ አለ፣ እንጠጋ» አልኩት። ስልኩን አሳየኝ። ተኮሰ። ኤልኩ ጀርባውን አጎበጠ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ዛፎቹ ውስጥ ገባ። ሸለቆውን ወርደን ለመውጣት ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። የቆመበትን ቦታ ለማግኘት ራሱ ተቸገርን፤ ከዚያ ማዶ ሆነህ ያየኸው ቁጥቋጦ ስትደርስበት ሁሉም አንድ ይመስላል። ጥቂት ጠብታ ደም፣ ከደሙ ጋር የተፈጨ ሣር የሚመስል አረንጓዴ ነገር አገኘን። ጨጓራው ተበስቷል ማለት ነው። እስኪመሽ ፈለግን፣ በማግስቱም ፈለግን፣ አላገኘነውም። ሆዱን የተመታ እንስሳ ቶሎ አይሞትም፤ ሰዓታት ይፈጅበታል። ይሄ ቪዲዮ የትም አልተለጠፈም። የቀረጸውም ሰው አጥፍቶታል።

የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። «በቀስትም የሚያድኑ ያቆስላሉ» ይባላል። አዎ፣ ያቆስላሉ። ግን ቀስተኛው 30 ሜትር ድረስ ተጠግቶ ነው የሚሳሳተው፤ የቱ ጋ እንደመታው ያያል፣ ዱካውን ከዚያው ይጀምራል። «ልምድ ያለው ሰው ይችላል» ይባላል። እሺ፣ ንፋሱን እንደ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አለ እንበል። ጥይቱ 1.5 ሰከንድ አየር ላይ ነው። በእርጋታ የሚሄድ እንስሳ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ሜትር ይራመዳል። ቆሞ የነበረው አንዲት እርምጃ ወደፊት ቢል፣ ሣር ለመንጨት ቢዞር፣ የዓለም ሻምፒዮን ብትሆንም የተኮስከው ከ1.5 ሰከንድ በፊት የነበረውን እንስሳ ነው። «ሥጋውን እንበላለን፣ ሀብታም ዋንጫ ሰብሳቢ አይደለንም» የሚሉኝም አሉ። ለሥጋ ከሆነማ መጠጋት ነው የሚያዋጣው፤ ያላገኙትን ማን ይበላል?

በነገራችን ላይ ይሄ የስደተኛ ልፍስፍስነት እንዳይመስላችሁ። በ1887 ቴዎዶር ሩዝቬልት የመሠረተው ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ አደንን የሚደግፉ፣ ሲያድኑ የኖሩ ሰዎች ማኅበር ነው፤ በጣም ሩቅ ተኩስ ለእንስሳው የማምለጥ ዕድል ይነፍገዋል፣ የአደንን ወግ ያፈርሳል ብሎ አቋሙን በይፋ አስታውቋል።

የሚያናድደኝ የኛ ነገር ነው። እነዚህ ቪዲዮዎች ሥር የኛ ልጆች «ጀግና!» «ጎራው!» እያሉ ሲጽፉ አያለሁ። ጎራው? ፉከራችንን የምናውቀው ከሆነ እንየው እስቲ። አንበሳ ገዳይ፣ ጎሽ ገዳይ ተብሎ የተፎከረለት ሰው የተሞገሰው ስለተጠጋ ነው፤ ጦር ይዞ፣ ወይ አንዴ ተኩሶ እስኪያጎርስ ድረስ ጎሹ ላዩ ላይ ሊደርስ በሚችል ጠመንጃ። ያንን ወግ አላሞግስም፤ ስንት አውሬ እንደፈጀ እናውቃለን። ግን ቢያንስ የራሱ ሒሳብ ነበረው፦ ገዳዩም ሊሞት ይችላል። 900 ሜትር ርቀት ላይ በምቾት ተኝቶ፣ ስለመኖሩ እንኳ የማያውቅ ሣር በል እንስሳ ላይ ቃታ የሚስብ ሰው ምኑ ነው የሚፎከርለት? ያውም ሌላው የኛ ፈሊጥ ሳይነሳ፤ ፎካሪ የጣለውን ይቆጥራል፣ ቆስሎ ያመለጠውን አይቆጥርም። ቪዲዮው ይህችን አመል ወርሶ በሙዚቃ አጅቧታል።

የኔ መለኪያ ይህ ነው፣ ለማንም አልደብቀውም። ንፋሱን ከገመትኩ በኋላ በሦስት ኪሎ ሜትር ብሳሳት ጥይቱ የት እንደሚያርፍ አሰላለሁ። ከልብና ሳንባው ቦታ ሊወጣ ከቀረበ አልተኩስም፤ እጠጋለሁ፣ ካልተመቸኝ ቁርሴን በልቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ንፋስ ባለበት ቀን ከ300 ሜትር ብዙም አላልፍም። ርቀቱ የሚያምረው ሰው የብረት ሰሌዳው አለለት፤ እዚያ 1,000 ቢል፣ 1,500 ቢል አብሬው ተኝቼ ንፋሱን አነብለታለሁ። ተራራ ላይ እየቀረጻችሁ የምትለጥፉ ደግሞ ቀጣዩን ስታወጡ ንፋሱን ስንት ብላችሁ እንደገመታችሁ ከመተኮሳችሁ በፊት በድምፅ ተናገሩ፤ የሳታችሁትንም፣ አቁስላችሁ ያጣችሁትንም ሳትቆርጡ ከነደሙ ለጥፉት።