የጥፍር ቀለምና ዝም ያለ ጠርሙስ

አንዲት ሴት በቤቷ እግሯን ጨው በተጨመረበት ለብ ያለ ውኃ ዘፍዝፋ ርካሽ የጥፍር ቀለም ብትቀባ «ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። እናቶቻችን ለሠርግ እንሶስላ ሲሞቁ ማን ቅንጦት አላቸው? ነቀፌታው ወደ ሻጩ ይዙር። የእንሶስላ ሥር የምትወቅጥ ሴት የምትቀባውን ታውቀዋለች፤ የጠርሙሱን ምሥጢር ግን ማን ይነግራታል?

የአውሮፓ ኅብረት፣ ለመራባት ጎጂ ተብለው ከተፈረጁት መካከል፣ ዳይቡቲል ፍታሌትን እ.ኤ.አ. በ2004፣ በጄል ቀለም የሚገባውን ቲፒኦን ደግሞ በ2025 ከመዋቢያዎች አግዷል። እንዲህ ያለውን ስም በደቃቅ የባዕድ ፊደል አትሞ መሸጥ ማሳወቅ አይባልም። ርካሽነት የዝምታ ፈቃድ አይደለም፤ በምናነበው ቋንቋ ይጻፍልን!