ንጉሥም፣ ተሸካሚም

የእህቴ ልጅ «ላውረንስ ኦፍ አረቢያ»ን እያየሁ ነው ሲለኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጠጋ ብዬ ስልኩን ሳይ ግን ግመሎቹ እንደ ፌንጣ ይዘላሉ። ለካ ፍጥነቱን እጥፍ አድርጎታል። «ጋሼ፣ ይንዛዛል እኮ» አለኝ፣ ቀና እንኳን ሳይል።

በዚህ ዓምድ የድሮ ፊልም ባነሳሁ ቁጥር «ደግሞ ጀመረው» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እንግዲህ ቻሉኝ።

የውኃ ጉድጓዱን ትዕይንት አስቡት። ላውረንስና መንገድ መሪው በረሃ መሀል ውኃ እየቀዱ ነው። ከአድማሱ ላይ፣ ሙቀት ከሚያርገበግበው አየር ውስጥ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቅ ትላለች። ሰው ትሁን እንስሳ አይለይም። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊን አይቸኩልም፤ ሙዚቃም አይጨምርበትም። ነጥቧ ትረዝማለች፣ ግመል ትሆናለች፣ ጋላቢ ታወጣለች። መሪው ወደ ሽጉጡ ሲሮጥ ተኩስ ይሰማል፤ ይወድቃል። ጋላቢውን የሚጫወተው ኦማር ሸሪፍ በዓለም ፊት የቆመው እንደዚያ ሆኖ ነው። በእጥፍ ፍጥነት ስታዩት ምን ይቀራል? አንድ ሰው መጣ፣ አንድ ሰው ሞተ። ይህንንማ በፖሊስ ፕሮግራምም እንሰማዋለን።

«ቤን ሁር» ላይ ያለው የሠረገላ ውድድርም ሙዚቃ የለውም። ኮቴ፣ መንኮራኩርና የሕዝብ ጩኸት ብቻ። ዛሬ ቢሠራ ኖሮ ከበሮው ጆሯችንን ባደነቆረው ነበር።

አንድ የታሪክ መምህር ወዳጄ ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣብኛል። «ስፓርታከስ መቼ ተሰቀለ? አስከሬኑም አልተገኘም!» እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው «ስፓርታከስ» ፊልም ላይ ግን ኪርክ ዳግላስ መስቀል ላይ ነው የሚሞተው። ታዲያ ምን ይጠበስ? ታሪክ መማር ካማረኝ እሱ ክፍል እገባለሁ። (እዚያም ተማሪው እንደሚያንቀላፋ ሰምቻለሁ።)

እንዲያውም ከዚያ ፊልም ልቤ ውስጥ የቀረው ስፓርታከስ አይደለም፤ ድራባ ነው። ለሮማ ባለጸጎች መዝናኛ ሁለት ባሮች እስከ ሞት ይፋለማሉ። ድራባ ስፓርታከስን አጣብቆ ባለሦስት ጥርሱን ጦር ጉሮሮው ላይ ደግኗል። እንግዶቹ ከላይ ሆነው እንዲጨርሰው ይጠብቃሉ። እሱ ግን ቀና ብሎ ያያቸዋል፣ ጦሩን ወደነሱ ይወረውራል፣ ግድግዳውን ተንጠላጥሎ ሊደርስባቸው ይወጣል። ወታደር ከኋላው ይወጋዋል፤ ከእንግዶቹ አንዱ የሆነው ክራሰስ ደግሞ በጩቤ ይጨርሰዋል፣ ደሙ ፊቱ ላይ እየተረጨ። ያ ሁሉ ሲሆን ድራባ ትንፍሽ አላለም።

ተዋናዩ ዉዲ ስትሮድ ይባላል። ስሙን ባታውቁት እሱን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1956 በወጣው «አሥርቱ ትእዛዛት» ላይ ሙሴ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ሲመለስ ለፈርዖን የሚያቀርበው የኢትዮጵያ ንጉሥ እሱ ነው፤ ያውም እንደ ምርኮኛ ሳይሆን እንደ ወዳጅ። በፋሲካ ሰሞን ቪዲዮ ቤት ታጭቀን ስናይ «የኛ ንጉሥ!» ብለን እናጨበጭብ ነበር። አለባበሱ ከኛ አገር ጋር በየት በኩል እንደሚገናኝ የጠየቀ አልነበረም። የሎስ አንጀለስ ልጅ መሆኑንም፣ ጥቁሮች ለዓመታት ተገልለውበት ወደነበረው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ እ.ኤ.አ. በ1946 ተመልሰው ከገቡት አንዱ መሆኑንም ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዉዲ ስትሮድ «አሥርቱ ትእዛዛት» ውስጥ ሁለት ጊዜ አለ። ዳይሬክተሩ ዴሚል መጀመሪያ ያነገሠውን ሰው በኋላ ሙሴን ያሳደገችውን የፈርዖን ልጅ ከሚሸከሙት ባሮች መካከል አስገብቶታል። ተመልካቹ አንዱን ጥቁር ከሌላው አይለይም ተብሎ ይመስለኛል። 1 ሜትር ከ93 የሆነ ሰው፣ ያ ትከሻ፣ ያ ፊት፣ እንዴት ነው የማይለየው? ሰውየው ይህን አልፎ ነው ከአራት ዓመት በኋላ ያንን ጦር የወረወረው።

በድራባ ለጎልደን ግሎብ ታጭቶ ነበር፤ አላሸነፈም። ከ«ስፓርታከስ» ተዋንያን ኦስካር የወሰደው የግላዲያተሮቹን ጌታ ሆኖ የሠራው ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። አይገባውም አላልሁም፤ ባየሁት ቁጥር ያስቀኛል። ዉዲ ስትሮድ ግን ለኦስካር ዕጩ እንኳን አልሆነም።