የአማርኛ ጽሑፍና የራስ ሰር ገጽታ አቀማመጥ ስሕተቶች

በአንድ የዴስክቶፕ መተግበሪያ ሰንጠረዥ ላይ «ገብረ መድኅን» እና «ገብረ መስቀል» ሁለቱም ተቆርጠው «ገብረ መ…» ሆነው ቢታዩ፣ ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ከውበት ጋር ብቻ ይያያዛል። ሆኖም መዝጋቢው ሁለቱን መለየት ካልቻለ የአንዱ ባለጉዳይ መረጃ በሌላው ስም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የአቀማመጥ ስሕተት የመረጃ ትክክለኛነት ጉዳይ ነው።

አፕል በ2011 እ.ኤ.አ. ከማክ ኦኤስ ኤክስ 10.7 ጋር ያቀረበው «ኦቶ ሌይአውት» የገጽታ ክፍሎችን ቦታና መጠን የሚወስነው «ገደብ» በሚባሉ የእኩልነትና የብልጫ ግንኙነቶች ነው። ገደቦቹ ካነሱ አቀማመጡ አሻሚ ይሆናል። እርስ በርስ ከተጋጩ ሥርዓቱ አንዱን ጥሶ በመልእክት መዝገብ ያሳውቃል። ለዚህ ግጭት የተለመደው ምክንያት በኮድ የተፈጠረ ክፍል የቀድሞውን የመጠን ማስተካከያ ደንብ በራሱ ወደ ገደብ መለወጡ ሲሆን፣ መፍትሔውም ይህን ልወጣ መዝጋት ነው።

የአማርኛው ችግር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ውጭ ነው። ለአጭር የእንግሊዝኛ ቃል 120 ነጥብ ቋሚ ስፋት በተሰጠው ቦታ «ምዕራብ ጎጃም ዞን፣ ጃቢ ጠኅናን ወረዳ፣ ማንኩሳ» የሚል አድራሻ ሲገባ፣ ገደቦቹ ሁሉ ስለተሟሉ ማስጠንቀቂያ አይወጣም፤ ጽሑፉ ዝም ብሎ ይቆረጣል።

ቁጥሩን ወደ 200 ማሳደግ ችግሩን እስከ ቀጣዩ ረጅም አድራሻ ብቻ ያዘገየዋል። ተገቢው እርምት ቋሚውን ስፋት ወደ «ቢያንስ» መለወጥና ቦታ ሲጠብ የትኛው ክፍል እንደሚለቅ በቅድሚያ ቁጥር መወሰን ነው። የስም መለያው ላለመጠበብ ያለው ቅድሚያ ከተለመደው 750 ከፍ ይበል፤ የማስታወሻው ሳጥን ይልቀቅ፤ አድራሻው ወደ ቀጣይ መስመር ይውረድ። የፊደሉ ቅርጽ ሲለወጥ የመስመሩ ከፍታም ሊለወጥ ስለሚችል ከፍታም በቁጥር መታሰር የለበትም።

«ይህ በትርጉም ጊዜ ይስተካከላል» የሚል ክርክር አለ። ነገር ግን በዚያ ጊዜ በርካታ ገደቦች ተሳስረው ስለሚገኙ አንዱን መንካት ሌላውን ያናጋል። በመሆኑም ለአገር ውስጥ መሥሪያ ቤቶች የሚዘጋጁ የድኅረ ምረቃ ሥራዎች ገና ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ በረጃጅም የአማርኛ ስሞችና አድራሻዎች ሊፈተኑ፣ ገምጋሚዎችም የፈተናውን ውጤት ሊጠይቁ ይገባል።